የፕሮግራሚንግ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ቆይቷል፤ ይኸውም የቀድሞዎቹ አባላት በሊኑክስ ላይ በሲ ቋንቋ ጽፈው የተዉትን የጥያቄና መልስ መለማመጃ ፕሮግራም በዊንዶውስም እንዲገነባ ማድረግ ነው። ኮዱ ራሱ ብዙም አላስቸገረም፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው ግንባታውን (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጡን) የሚመራው ሜክፋይል፣ ማለትም ሜክ የተባለው መሣሪያ የሚያነበው የመመሪያ ፋይል ነው።

ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 እ.ኤ.አ. በቤል ላብስ የሠራው ሜክ የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚገነባ ይወስናል እንጂ፣ ትእዛዞቹን በአብዛኛው ለሼል (የተጻፉ ትእዛዞችን ለሚፈጽም ፕሮግራም) አሳልፎ ይሰጣል። በዊንዶውስ ላይ ጂኤንዩ ሜክ (የሜክ አንዱ ዓይነት) ሊኑክስን በመሰሉ የዩኒክስ ሥርዓቶች የሚሠራበትን ኤስኤች የተባለውን ሼል በፓዝ (ሥርዓቱ ፕሮግራሞችን በሚፈልግባቸው አቃፊዎች ዝርዝር) ውስጥ ካገኘ በእርሱ፣ ካጣው ግን በዊንዶውስ የራሱ ሼል በሲኤምዲ ይሠራል። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንዱ ያለእንከን የሄደው ሜክፋይል በሌላው የተሰናከለው በዚህ ምክንያት ነበር፤ በመጀመሪያው ላይ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ሲጫን አብረውት የሚመጡት የዩኒክስ መሣሪያዎች፣ ኤስኤች ጭምር፣ ወደ ፓዝ እንዲገቡ ተመርጦ ነበር። በሁለተኛው ላይ «የተጠቀሰው ፋይል አልተገኘም» የሚል መልእክት ሲመጣ ተማሪዎቹ የጠፋውን የኮድ ፋይል ሲፈልጉ ቆዩ፤ የታጣው ግን ፋይል ለመሰረዝ የተጠራው «አርኤም» የተባለው የዩኒክስ ፕሮግራም ራሱ ነበር። በዚያው ማሽን ላይ የአቃፊ መፍጠሪያው ትእዛዝ «ሰረዝ ፒ» የሚለውን የዩኒክስ አማራጭ እንደ ስም ቆጥሮ በዚህ ስም የሚጠራ ባዶ አቃፊ ፈጥሮ ተገኝቷል።

አንዳንድ አባላት ለየሥርዓቱ የተለየ ትእዛዝ የሚመርጥ ቅድመ ሁኔታ በሜክፋይሉ ውስጥ እንዲጻፍ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይህ ቢሠራም እያንዳንዱን መስመር በእጥፍ እንድንጠብቅ ስለሚያስገድድ፣ ሁሉም በኤምሲስ 2 (የዩኒክስ ሼልና መሣሪያዎችን ወደ ዊንዶውስ በሚያመጣው ስብስብ) ሥር እንዲገነባ መወሰኑ በእኔ እምነት ተገቢ ነበር።

ኤምሲስ 2 ያልፈታው አንድ እንቆቅልሽ ግን ተረፈ። ፕሮግራሙን እንዲጭን በትንንሽ ፊደላት «ኢንስቶል» ተብሎ ሲታዘዝ ሜክ «ሁሉም ወቅታዊ ነው» ብሎ ያለ ሥራ ይመለስ ነበር። ዊንዶውስ በተለምዶ በፋይል ስም ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደላትን ስለማይለይ፣ በትልልቅ ፊደላት «ኢንስቶል» ተብሎ የተሰየመው የመመሪያ ጽሑፍ ቀድሞ የተሠራ ውጤት መስሎት ነው፤ አንዲት ተማሪ «ፎኒ» የሚለውን መስመር በመጨመር ዒላማው (ሜክ እንዲሠራው የታዘዘው ነገር) የፋይል ስም አለመሆኑን ስታሳውቀው ችግሩ ተወገደ። የጽሑፍ አርታዒዎች የሜክፋይል የትእዛዝ መስመሮች የሚጀምሩበትን ታብ በስፔስ እየተኩ ያመጡት ስሕተት በቀላሉ ታርሟል።

ሜክ ባዶ ቦታ ያለባቸውን የአቃፊ ስሞች እንደ ሁለት ቃል ስለሚያነብ፣ ለጊዜው ፕሮጀክቱን ባዶ ቦታ በሌለው የአቃፊ አድራሻ ላይ አስቀምጠነዋል። ለሚቀጥለው ዓመት ሜክፋይሉን በሲሜክ (የግንባታ ፋይሎችን ለየሥርዓቱ በሚያዘጋጅ መሣሪያ) ለማመንጨት የጀመርነው ሙከራ ከነማስታወሻው ለአዲሶቹ አባላት ተላልፏል።