እማዬ፣ ቅጹን ፈርሚላቸው

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ትናንት በስልክ ድምፅሽ ደከም አለብኝ። ስጠይቅሽ "ደህና ነኝ" ብለሽ ወደ ልጆቹ ወሬ ወሰድሽኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ "ስ" ማለት አቅቷታል፤ በራሷ ስትስቅ ነው የምትውለው። ትልቁ ደግሞ የመኪናዬን ጎማ ስቀይር አገዘኝ። ብሎን ሲያጠብቅ አየሁት፤ አንዱን ትንሽ ያጠብቅና ፊት ለፊቱ ወዳለው ይሄዳል። ማን አስተማረህ ብዬ አልጠየቅሁትም።

የጻፍኩልሽ ግን ስለ ልጆቹ አይደለም። ተማሪዎችሽ ደውለውልኝ ነበር። "ተማሪ የለኝም፣ እኔ ቴክኒሺያን ነኝ" እንደምትይ አውቃለሁ። እነሱ ግን ራሳቸውን እንደዚያ ነው የሚጠሩት። የአገሪቱን የኳንተም ቴክኖሎጂ ማኅበረሰብ ላጠናከሩ ሰዎች እውቅና ሊሰጥ ነው፤ አንቺን ሊጠቁሙ ይፈልጋሉ። "እኔ ምን ሠራሁ?" ብለሽ ቅጹን ባዶውን መለስሽባቸው አሉ።

ምን እንደሠራሽ ልንገርሽ። እነዚያ ሱፐርኮንዳክተር ኪዩቢቶች፣ የኳንተም ኮምፒውተሩ መረጃ መያዣዎች፣ ሥራቸውን የሚሠሩት 0.01 ኬልቪን አካባቢ፣ የመጨረሻው የቅዝቃዜ ጥግ (ዜሮ ኬልቪን) አጠገብ፣ ሲቀዘቅዙ ነው። ጠፈሩ እንኳ 2.7 ኬልቪን ነው። እዚያ ቅዝቃዜ ላይ የሚያደርሳቸው የሂሊየም 3 እና የሂሊየም 4 ድብልቅ ነው፤ ዓይን በማያየው ቀዳዳ ሾልኮ ካመለጠ የስንት ወር ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። አንቺ ክዳኑን እንዳያፈስ የሚደፍነውን ለስላሳ የኢንዲየም ብረት ሽቦ ጫፍና ጫፉን አስተላልፈሽ፣ ክዳኑን አስቀምጠሽ፣ "ቀስ በል፣ አሁን ፊት ለፊቱን" እያልሽ ስንቱን አስተማርሽ? አንዱ ዛሬ የራሱ ላብራቶሪ አለው። ብሎን ባጠበቀ ቁጥር ድምፅሽ እንደሚሰማው ነገረኝ። ጽሑፎቻቸው ላይ ግን ስምሽ የለም። መጨረሻ ላይ "ለቴክኒክ ድጋፍ እናመሰግናለን" የምትል አንዲት መስመር ናት ያለችው።

የፊዚክስ ሊቁን ስቱዋርት ፍሪድማንን አስቢው። በ1972 እ.ኤ.አ. ከጆን ክላውዘር ጋር ሆኖ፣ ተራርቀው የሚለኩ ሁለት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ውጤታቸው የተሳሰረ መሆኑን በሙከራ ያሳየ ሰው ነው። ክላውዘር በ2022 ኖቤል ተሸለመ። ፍሪድማን በ2012 አርፎ ነበር፤ ኖቤል ደግሞ ለሞተ ሰው አይሰጥም። ይህን ለምን እንዳነሳሁት ታውቂያለሽ። ከዚህ በላይ አታናግሪኝ።

የድጋፍ ደብዳቤውን እኔ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። መሃል ላይ ስደርስ ያ ቀን ይመጣብኛል። 12 ዓመቴ ነበር። ስሜ ተጠርቶ መድረክ ላይ ወጣሁና ወንበርሽን አየሁ። ኮትሽ አለ፤ አንቺ የለሽም። ሂሊየሙ እያለቀ ነው ብለው ጠርተውሽ ኖሯል። ማታ ስትገቢ እጅሽ በብርድ ቀልቷል። "ደረስንለት!" አልሽ በደስታ። ሽልማቴን አሳየኝ አላልሽም። ያን የማቀዝቀዣ ማሽን አንቺ አብልጠሽ እንደምትወጂው ታላቅ ወንድም ቀናሁበት፤ ለዓመታት። አሁን ላቡንም ጥቅሙንም አውቀዋለሁ። አውቄውም ያመኛል። መልስ እንድትሰጪኝ አይደለም፤ ይህን ሳልነግርሽ ስለ አንቺ ጥሩ ነገር መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

አሁን ጽፌዋለሁ። ሁለት ገጽ ሆነ።

ቅጹን እንደገና ልከውልሻል፤ እስከ ሐሙስ ድረስ ነው። የቀረው ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው። ሰውዬው መጥቶ የመታጠቢያ ቤቱን መያዣ እስኪገጥም ብቻሽን እንዳትገቢ። የማታውን ኪኒን ለሁለት እየከፈልሽ እንደምትውጪ እህቴ ነግራኛለች፤ ሐኪሙ እንደዚያ አላለም። ውጤቱን ሲነግርሽ ደግሞ እኔም ልኑር፤ ቀኑን ብቻ አሳውቂኝ፣ ከሥራ ፈቃድ እወስዳለሁ።

ልጅሽ