የባለሥልጣን ደብዳቤ የማን ንብረት ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አንድ ባለሥልጣን ከሥልጣኑ ሲወርድ ወይም ሲሞት፣ በሥራ ዘመኑ የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች የማን ንብረት ናቸው የሚለው ጥያቄ በአገራችን ብዙም ሲነሣ አይሰማም። የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መዛግብት ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ይመስሉኛልና ሐሳቤን እንዳካፍል ይፈቀድልኝ።

ከእርሳቸው በፊት የነበሩ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ከዋይት ሐውስ ሲወጡ ወረቀቶቻቸውን እንደ ግል ዕቃ ጭነው ይሄዱ ስለነበር፣ ከፊሉ በወራሾች እጅ ተበትኗል፣ ከፊሉም ሆን ተብሎ ተቃጥሏል። ሩዝቬልት ግን በ1938 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወረቀቶቻቸውን ለመንግሥት እንደሚያስረክቡ አስታወቁ፤ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሃይድ ፓርክ በሚገኘው የቤተሰባቸው ርስት ላይ በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ የተሠራው ቤተ መጻሕፍትም በ1941 ተከፈተ።

በዚያ አንስታይን በ1939 ስለ ዩራኒየም ቦምብ የላኩት ማስጠንቀቂያና ከቸርችል ጋር በጦርነቱ ዘመን የተደረገው መጻጻፍ ይገኛሉ። እኔን ይበልጥ የሚነኩኝ ግን በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት ከሕዝቡ የመጡት ናቸው። በመስከረም 1935 ፕሬዚዳንቱ ለአገሪቱ የሃይማኖት አባቶች ደብዳቤ ልከው፣ በአካባቢያቸው ያለው ሕዝብ እንዴት እንደሚኖርና መንግሥት ምን ቢያደርግ እንደሚሻል እንዲነግሯቸው ጠየቁ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቀሳውስትና ረቢዎች መለሱላቸው፤ ያመሰገናቸውም የነቀፋቸውም መልስ አብሮ ተቀምጧል።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የፍራንሲስ ቢድል ማስታወሻ ነው። ቢድል ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1942 ለፕሬዚዳንቱ ሲጽፉ፣ ከጦር ሚኒስቴር በደረሳቸው የመጨረሻ ምክር መሠረት የጃፓን ጥቃት መቃረቡን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ፣ ኤፍቢአይም የታቀደ አሻጥር ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጸው ነበር። ፕሬዚዳንቱ ይህን ተነግሯቸው ሳለ ከሁለት ቀን በኋላ ሰዎችን ከመኖሪያቸው ለማስወጣት የሚፈቅደውን ትእዛዝ ፈረሙ፤ ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ ታጎሩ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ኮንግረስ ያቋቋመው ኮሚሽን የመንግሥትን መዛግብት መርምሮ እርምጃው ከወታደራዊ አስፈላጊነት እንዳልመነጨ አረጋገጠ፤ በ1988 በወጣው ሕግም መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ካሳ እንዲከፈል ተወሰነ። ሩዝቬልት ራሳቸውን የሚያስነቅፈውን ወረቀት ለይተው ቢያስወግዱት ኖሮ፣ እነዚያ ቤተሰቦች ማስረጃቸውን ከወዴት ያመጡ ነበር?

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ ክዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ከሩዝቬልት ጋር ተገናኝተው፣ የኤርትራንና የባሕር በርን ጉዳይ አንሥተዋል። በዚያ ዘመን ያገለገሉ የእኛ ሹማምንት የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ግን ስንቶቹ በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ እርጥበትና ብል እየበላቸው ይሆን?

ስለዚህ ወራሾች እነዚህን ወረቀቶች ሳይመርጡና ሳይቀንሱ ለወመዘክር እንዲያስረክቡ በጋዜጣችሁ በኩል እማጸናለሁ። የቤተሰብ ምስጢር ያለበት ቢኖር ለተወሰነ ዓመት ታሽጎ እንዲቆይ መዋዋል ይቻላል፤ በሃይድ ፓርክም የተወሰኑት ሰነዶች ለጊዜው ተዘግተው ቆይተዋል። ተቋሙም በበኩሉ ለአስረካቢው ቤተሰብ የእያንዳንዱን ወረቀት ዝርዝር የያዘ ደረሰኝና ቅጂ ቢሰጥ፣ ለማመን የሚያመነታው ሁሉ ይደፋፈራል ብዬ አምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ