ያልመለስኩልህ ረቂቅ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰብህስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ ሳልጽፍልህ፣ ስትደውልም በወጉ ሳላነጋግርህ መቅረቴን አውቀዋለሁ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ርቀቱን ምክንያት ላደርገው አልችልም። እውነተኛው ምክንያት «አንብበህ የታየህን ንገረኝ» ብለህ የላክህልኝ የልብ ወለድ ረቂቅ ነው። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው አለፈ፤ ካለፈ በኋላም ሳላነብልህ ድምፅህን መስማት አሳፈረኝ፤ ኀፍረቱ በከበደ ቁጥር ዝምታዬም እየረዘመ ሄደ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ቅዳሜ የዋልኩበት ሥራ ነውና በቅድሚያ እርሱን ላውጋህ።

እዚህ ያለ አንድ የንባብ ክበብ ለጀማሪ ጸሐፊዎች የአንድ ቀን የፈጠራ ጽሑፍ ሥልጠና አዘጋጅቶ፣ ጠዋት አጭር ልብ ወለድ፣ ከሰዓት በኋላ ግጥም እንዳስተምር ጠራኝ። 23 ወጣቶች መጡ። ከአንኮበርና ከሸዋ ሮቢት የመጡ ነበሩ፤ ከመሐል ሜዳ የመጡት ሁለቱ ደግሞ ዋዜማውን ገብተው ዘመድ ቤት አድረዋል። የከተማችንን ብርድ ታውቀዋለህ፤ አዳራሹ እስኪሞቅ ድረስ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ጣታቸውን በትንፋሻቸው እያሟሟቁ ነበር የሚጽፉት።

ቀድመው ጽፈው ያመጧቸውን ታሪኮች ሳነብ አንድ ነገር አሳዘነኝ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ታሪኮች የተፈጸሙት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጸሐፊዎቹ ገብተው በማያውቁት ካፌና ሆቴል ነው። ታሪክ የሚባለው ነገር ሌላ ቦታ የሚኖር፣ እነርሱ ያደጉበት ጓሮና ማጀት ግን ለወረቀት የማይበቃ መስሏቸዋል። ዝነኛው ደራሲ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት እዚሁ መርሐቤቴ መሆኑን ስነግራቸው ብዙዎቹ ተገርመው እርስ በርስ ተያዩ። ከመንዝ የመጣችውን ልጅ «ይህ ካፌ ምን ምን ይሸታል?» ብዬ ብጠይቃት ዝም አለች። «የአያትሽ ቤትስ?» ስላት ቀና ብላ አየችኝ፤ ሁሉም በየቤታቸው ስላለ አንድ ዕቃ ብቻ እንዲጽፉ 15 ደቂቃ ሰጠኋቸው። እርሷ ከበግ ፀጉር ስለሚሠራው ወፍራም ልብስ፣ ስለ ባና ጻፈች። አያቷ የበጉን ፀጉር በእንዝርት ሲፈትሉ፣ ክሩ እንዳይበጠስ ትንፋሻቸውን ውጠው ጣታቸው ላይ ሲያተኩሩ፣ ባናው ዝናብ ሲነካው እንደገና በግ በግ ሲሸት አሳየችን። ከዚያም እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር አነበበች፦ «አያቴ በረደሽ ወይ ብላ አትጠይቅም፤ ባናውን ከራሷ ላይ ገፍፋ ትጥልብኛለች፤ ያን ጊዜ የምድጃዋ ጢስ አብሮ ይለብሰኛል።» አዳራሹ ጸጥ አለ። ወዳጄ ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ወረቀት ባበላሽም አይሆንልኝም።

ከሰዓት በኋላ የግጥም ምጣኔ፣ ማለትም በስንኝ ውስጥ ያሉትን ቀለሞች (የድምፅ ምቶች) መቁጠር ነበር። በጭብጨባ እየቆጠርን የቡሄ በሉን አራት አራት፣ የሰንጎ መገንን አምስት አምስት፣ የወል ቤትን ስድስት ስድስት ቀለም ለየን፤ ልጆቹ በጆሯቸው የሚያውቁትን ነገር ስም አገኙለት እንጂ አዲስ ነገር አላስተማርኳቸውም።

ላጫውትህ የፈለግሁት ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ከአብነት ትምህርት ቤት ወጥቶ አሁን ዘመናዊውን የሚማር አንድ ልጅ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከኋላ ተቀምጦ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ተራው ደርሶ ግጥሙን ካነበበ በኋላ አልተቀመጠም፤ ወረቀቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ ያየኝ ጀመር። «ጨረስክ አይደለም?» ስለው፣ «እርማቱን እየጠበቅሁ ነው» አለኝ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ ውሎ ማታ ለየኔታ እንደሚነግር፣ ጉባኤ ቃና ከምትባለው ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ ጀምሮ የተሳሳተው ሁሉ እዚያው እንደሚታረም ነገረን። «እኛ ዘንድ መልስ ሳያገኝ የሚያድር ቅኔ የለም» ሲል አንተ ፊቴ ላይ ድቅን አልክ። ይህ ልጅ ቆሞ የጠበቀኝ ግፋ ቢል ለአንድ ደቂቃ ነው፤ አንተን ግን ሦስት ዓመት አቁሜሃለሁ። የጻፈ ሰው ምን ያህል ራቁቱን እንደሚቆም እያወቅሁ ያደረግሁት በመሆኑ ይቅርታህን የምለምነው ከልቤ ነው።

ለልጁ በዚያው ሰዓት መለስኩለት፤ ሁለት ስንኝ አብረን አቃናን። ማታ ቤቴ ስገባ ረቂቅህን ከሣጥን አወጣሁ፤ እሑድን ሙሉና የሰኞን ሌሊት አንብቤ ጨረስኩት። ያየሁትን በየኅዳጉ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ዋናውን ግን አሁኑኑ ልንገርህ። አውቶቡሱ በጉም ተሸፍኖ ወደ ጣርማ በር ዋሻ ሲገባ፣ አባትዬው የልጁን እጅ በጨለማው ውስጥ ፈልጎ የሚይዝበት ቦታ ከምታውቀኝ ጊዜ ጀምሮ ከጻፍከው ሁሉ ይበልጥብኛል። ከዋሻው ከወጡ በኋላ የአባትን ፍቅር የምታብራራበትን አንቀጽ ግን ሰርዘው፤ እጁን መያዙ በቂ ነው። እናትየዋ በምዕራፍ 2 እህል ስታበጥር ብቅ ብላ እንደገና አለመታየቷም ቅር አሰኝቶኛል፤ እባክህ ወደ ቤቱ መልሳት።

ልጆቹ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ እየተገናኙ ሊነባበቡ ወስነዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቻልክ በጠዋቱ አውቶቡስ ውጣና የዋሻውን ምዕራፍ ራስህ አንብብላቸው፤ ረቂቅህን ያን ዕለት በእጅህ እሰጥሃለሁ። ጋቢ እኔ ዘንድ አለ።

አክባሪ ወዳጅህ፣
ከደብረ ብርሃን