ሦስት ጊዜ የተሰበረው ቢላህ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እናትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ እንደተቀየምኸኝ ከእህትህ ሰምቻለሁ፤ ምክንያቱን ስነግርህ ግን ሳትስቅብኝ አትቀርም። ለበዓል ቅርጫ የምትይዘውን ቢላ በገዛ እጄ ቀጥቅጬ እሰጥሃለሁ ብዬ ቃል ስለ ገባሁ፣ ቢላው ሳያልቅ ደብዳቤ ብቻ መላክ አሳፈረኝ። ቢላው ደግሞ ሦስት ጊዜ ተሰበረብኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከፒያሳ በእግሬ ወደ መርካቶ እየወረድሁ፣ ምናለሽ ተራ ከአንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ዘንድ እውላለሁ። ብረት የሚቀጠቅጡበት መስፋቸው የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው፤ ወናፉን በአሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ከተኩት ቆይተዋል። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ብረት ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። የግንባታ ፌሮ የቱንም ያህል ተቀጥቅጦ ቢያምር ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ስለት አይይዝም፤ የመኪና ባሌስትራ ግን ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ስላለው በእሳትና በዘይት ይጠነክራል።

የመጀመሪያውን ቢላ ያበላሸሁት በችኮላዬ ነው። እርሳቸው ለምሳ ወጣ ባሉበት፣ የጋለውን ባሌስትራ ከዘይት ይልቅ በባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርሁት፤ ቀጭን ድምፅ ሰማሁና ሳወጣው ከስለቱ እስከ ጀርባው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወርዶበታል። ሁለተኛው በእኔ ጥፋት አልነበረም፤ ባሌስትራው ለዓመታት ጭነት ተሸክሞ ውስጡ ቀድሞ ተሰንጥቆ ኖሯል፣ መዶሻው ገለጠው እንጂ አላመጣውም።

ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ተቀጥቅጦ፣ በሞረድ ተስተካክሎ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሳገላብጠው ከእጄ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ እንደ ሸክላ ለሁለት ተከፈለ። ሽማግሌው ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ፦ የደቀቀ አመድ መምሰል ሲገባው እንደ ደረቅ ጨው ይብለጨለጭ ነበር። ብረት ከልክ በላይ ሲግል በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ያድጋሉ፤ ባደጉ ቁጥር እርስ በርስ የመያያዝ ኃይላቸው ይደክማል። ሽማግሌው ሙቀቱን የሚለዩት በዓይናቸው ነው፣ ስለዚህም ስለት የሚያጠነክሩት ሲመሽ፣ በጨለማ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ቀዩም ብርቱካናማውም አንድ ይመስላልና። እኔ የእርሳቸው ዓይን ስለሌለኝ ማግኔት ገዛሁ። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ይተዋል፤ ከዚያ ጥቂት ጨምሮ፣ ወደ 830 ሲጠጋ፣ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ መንከር ነው። አራተኛውን ቢላህን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አግዬ በአየር ብቻ አቀዘቀዝሁት፤ ያደጉት ቅንጣቶች መልሰው የሚደቁት እንዲህ ነው።

ከዘይት የወጣ ስለት ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ የባለቤቴን ኦቨን ለምኜ 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ አስቀመጥሁት። (የዘይቱ ሽታ ከዳቦው አልለቀቀም እየተባልሁ እስካሁን እከሰሳለሁ።) ቀድሜ በብርጭቆ ወረቀት ያጠራሁት ገጹ የጠጅ ቀለም ይዞ ሲወጣ ያየሁትን ደስታ በጽሑፍ ልገልጽልህ አልችልም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። እኒህ ሽማግሌ አገራቸው ሲገቡ ሙያቸውን አይናገሩም፤ ነጋዴ ነኝ ይላሉ፣ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው የሚለው አሉባልታ ዛሬም አልጠፋምና። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ማረሻውንና ማጭዱን ከእጃቸው የሚገዛ ሰው እንዴት ማዕዳቸውን ይሸሻል?

ወደ ቢላህ ልመለስ። ስለቱ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። እንደ ሱቁ የማይዝግ ብረት ስላልሆነ ሎሚና ቲማቲም ሲነካው ይጠቁራል፣ መጥቆሩ አይጎዳውም፤ እርጥብ አድርገህ ካሳደርኸው ግን ይዝጋል። ለእጀታው የወይራ እንጨት አግኝቼ ሳይደርቅ ብገጥመው ኋላ ስለሚኮማተር አንድ ዓመት አስቀምጬዋለሁ፣ አሁን ደርቋል። የቀረኝ ያንተ እጅ ልክ ነው። ቀኝ መዳፍህን ወረቀት ላይ ዘርግተህ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምረህ፣ ከመልስህ ጋር አድርገህ ላክልኝ፤ ስታስምር ጣቶችህን አታጥብብ።

የማይረሳህ ወንድምህ