የቼዝ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መዝገባችን ላይ የተሰበሰብንባቸው 22 ሐሙሶች ሰፍረዋል። መስከረም ላይ አዲስ አባላት ተቀበልን፤ ኅዳር ላይ ክፍል ለክፍል ተወዳደርን፤ ታኅሣሥ ላይ ከከተማችን ትምህርት ቤቶች ከአንዱ ጋር ገጥመን 5 ለ3 ተሸነፍን። ክፍላችን ለማጠናከሪያ ትምህርት ስለ ተፈለገ አራት ሳምንት ሳንሰበሰብ ቀረን። ከጥር ወዲህ ያለው ግን እንዲህ በአጭሩ አያልፍም።

ጥር ላይ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የነበረውን አባላችንን በድንገተኛ ሕመም አጣን። ስሙን መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ልጅ ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። ጨዋታ ሲያበቃ ጠጠሮቹን ቆጥሮ 32 መሙላታቸውን ሳያረጋግጥ ከረጢቱን አያስርም ነበር። ሰባት ሰሌዳ ይዘን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጠጠር ያልጠፋብን በእሱ ነው።

ከለቅሶ ስንመለስ ተማሪዎቹ ከበቡኝና በስሙ ውድድር እንድናዘጋጅ ጠየቁኝ። ኩባውያን የዓለም ሻምፒዮን ለነበረው ልጃቸው ለካፓብላንካ መታሰቢያ ውድድር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ይህንን በክበቡ ውስጥ የነገርኳቸው እኔው ስለ ነበርኩ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ቼዝ የባዕድ ጨዋታ ነው፣ ተማሪ ያዘናጋል ለሚሉ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ላስታውስ። አባቶቻችን ሰንጠረዥ የሚባለውን የአገራችንን ቼዝ ይጫወቱ ነበር። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚያዘው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ያንን የመክፈቻ ግርግር ወረራ ይሉታል። እንግዳ የሆነብን ጨዋታው ሳይሆን መርሳታችን ነው።

ግንቦት ላይ፣ በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጡ 24 ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍታችን ተሰበሰቡ። አምስት ሰሌዳ እንግዶቹ ይዘው መጡ። የቼዝ ሰዓት ያለን አራት ብቻ ስለሆነ ለቀሩት ስምንት ጠረጴዛዎች የመምህራንን ስልክ ለመንን። የበጀት ጥያቄያችን መልስ አላገኘም ነበር፤ ዋንጫውን አሥራ አንድ መምህራን አዋጥተን ገዛን። ለኳስ በተመደበው ገንዘብ አልቀናም፤ ነገር ግን አንድ የቼዝ ሰዓት ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ይታሰብልን።

የተጫወትነው በስዊስ ሥርዓት አምስት ዙር ነው። በዚህ ሥርዓት ተሸንፎ የሚሰናበት የለም፤ በየዙሩ እኩል ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ። በአራተኛው ዙር ነጥባቸው ያገናኛቸው ሁለት ልጆች የሟቹ የቅርብ ጓደኛና ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገባች ታናሽ እህቱ ነበሩ። እህትየው የክበቡ አባል አልነበረችም። በዚያ ቀን ጠዋት መጥታ፣ "መምህር፣ እኔም ልመዝገብ?" ስትለኝ ጨዋታውን ታውቅ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኳትም።

ዳኛ ስለ ነበርኩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጓደኛው በሁለት ወታደር ይበልጣታል፤ አንደኛው ወታደር ንግሥት ለመሆን አንድ እርምጃ ቀርቶታል። እጁን ከሰሌዳው አንሥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አቻ እንውጣ?" አላት። ቀና ብላ አየችው። "ወንድሜ እቤት አንድ ቀን እንኳ ሆን ብሎ ተሸንፎልኝ አያውቅም። ተጫወት" አለችውና ንጉሧን አንቀሳቅሳ ሰዓቱን መታች። ልጁ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ወታደሩን ገፋ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ዳኛ እንዲያ ማድረግ እንደማይገባው አውቃለሁ። ስመለስ ተጨባብጠው አብቅተዋል፤ እሷ ጠጠሮቹን እየቆጠረች ወደ ከረጢቱ ትመልሳለች።

ዋንጫውን የወሰደው የኮምቦልቻ ተማሪ ነው። የእኛ ልጅ በነጥብ እኩል ሆኖ፣ የተጋጣሚዎቻቸው ነጥብ ሲደመር በግማሽ ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። የሟቹ እናት ድፎ ዳቦ ጋግረው አምጥተው ነበር፤ ለእንግዶቹ ቆርሰው ያደሉት ራሳቸው ናቸው። ለአሸናፊው ዋንጫውን እንዲሰጡ ስጠይቃቸው እምቢ አላሉም።

ውድድሩን በየዓመቱ ለማካሄድ አስበናል። ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት የምንለምነው ስምንት የቼዝ ሰዓትና አምስት ሰሌዳ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቻችንም ቤቱ ያገለገለ ሰሌዳ ያስቀመጠ ካለ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያገኘናል። እህትየው አሁን የንብረት ኃላፊያችን ናት፤ ቆጥራ ትረከባለች።