ያን ሌሊት በርና መስኮታችንን ለሸፈናችሁልን ሁሉ

ሰላም ለናንተ ይሁን የልደታ ልጆች፣ ጎረቤቶቻችን፣ የእድራችን ሰዎች፣ ዘመድ ወዳጅ ሁላችሁም። ይሄን ለመጻፍ ከበአሉ ማግስት ጀምሮ ስልኬን አነሳለሁ፣ ሁለት መስመር ጽፌ አልቅሼ እተወዋለሁ። ዛሬ የመጨረሻው መስኮት መስታወት ገብቶ አለቀ፣ እማዬም «አሁንስ ጻፊላቸው እንጂ፣ ውለታ በላ እንዳይሉን» ስትለኝ ቁጭ አልኩ። ከተዘበራረቀብኝ ይቅርታ፣ ነገሩን በቅደም ተከተል ማሰብ እስካሁን ያቅተኛል።

የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። የጋዝ ሲሊንደሩ ነው፣ ጎማው አፍስሶ ጋዙ ፈንድቶ ነው፣ ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም፣ በቃ። ሰው ያልነበረው ደግሞ ግንቦት 1 ስለሆነ ነው፣ ልደታ ከቤት ውጪ አይደል ሚከበረው፣ እማዬም እኔም ልጆቹም ግቢ ውስጥ ንፍሮው ጋ ነበርን፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን በዛ ሰአት እማዬ ኩሽና ናት፣ ልጆቹ ደግሞ መስኮቱ ስር ቁጭ ብለው የቤት ስራ ሚሰሩበት ሰአት ነው... እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌ እጄ ይቆማል። እመቤቴ ልደታ ማርያም ክብር ላንቺ ይሁን፣ ሌላ ምን እላለሁ።

939 ደውላችሁ የእሳት አደጋ ሰዎችን ለጠራችሁልን፣ ማን እንደደወለ እንኳን አላውቅም፣ ተባረኩ። የመጡትም ልጆች ስራቸውን ብቻ ሰርተው አልሄዱም፣ ከእንግዲህ እንዳይደገም ብለው ደረጃው ላይ አቁመው አስረዱን። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ላይ ተኝቶ ነው ሚጠራቀመው፣ ከዛ ፍሪጁ እራሱ ሲነሳ በምትወጣ ትንሽ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል አሉን። ማንም ክብሪት ሳይጭር ማለት ነው፣ እኔ ይሄን በዚህ እድሜዬ አላውቅም ነበር። ሽታ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና ከውጪ ሆናችሁ ደውሉ። ለሁላችሁም ልጅ ያላችሁ ስል ነው ምጽፈው።

አሁን ጋሼ። «ስሜን ከጻፍሽ እቀየምሻለሁ» ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ነው ምላቸው፣ የሰፈሩ ሰው አናጢው ጋሼ ሲባል ያውቃቸዋል። ከዛ ቀን በፊት ከጤና ይስጥልኝ ያለፈ አውርቻቸው አላውቅም፣ አንድ ወንበር እንኳን አሰርቻቸው አላውቅም። ይሄን ምላችሁ ምን ያህል ባዳ እንደነበርን እንድታውቁልኝ ነው።

የእሳት አደጋዎቹ ጨርሰው ሲወጡ ገብቼ አየሁት። የሳሎኑ መስኮት ባዶ፣ የሁለቱ መኝታ ቤት ባዶ፣ የኩሽናው የለም፣ የበረንዳው በር ተገንጥሎ ወድቋል፣ የመግቢያው ላሜራ በር ከነፍሬሙ ወደ ኮሪደሩ ተጣሞ ወጥቷል። ከእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ያጉረመርማል። እማዬ ደግሞ ፍራሹን እያራገፈች «እኔ ከቤቴ ወጥቼ የትም አላድርም» ብላ ቁርጧን ነገረችን። አትፍረዱባት። እማዬ የድሮዋ ልደታ ሰው ናት፣ የቀበሌ ቤቷ ሲፈርስ ቆማ አይታለች፣ ተመልሳ እዚሁ ሰፈሯ ኮንዶሚኒየም እስኪደርሳትና እዳውን እስክትጨርስ ስንት ነገር እንደከፈለች እኔ ነኝ ማውቀው። ሁለተኛ ደግሞ ቤቷን ክፍት ጥላ መሄድ አልቻለችም። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ማልቀስ እንኳን አልመጣልኝም፣ ዝም ብዬ እጄን ነበር ማየው።

ጋሼን ማንም አልጠራቸውም። ድምጹን ከባቡሩ መስመር ማዶ ከስራ ቦታቸው ሆነው ሰምተው ነው የመጡት፣ በበአል ቀን። ሦስት ፎቅ ሞራሌ በትከሻቸው ተሸክመው ሲወጡ አየኋቸው፣ ከኋላ ረዳታቸው ኮምፔንሳቶ ይዟል። «ልጄ ተነሽ፣ መጥረጊያና ማዳበሪያ አምጪ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን» አሉኝ። አይዞሽ አላሉኝም፣ እግዚአብሔር ያውቃል ምናምን አላሉኝም፣ ስራ ነው የሰጡኝ፣ ያቺ ቃል ናት ያስነሳችኝ። እስከዛሬ ጠዋት ስነሳ ጆሮዬ ላይ ትመጣለች።

መጀመሪያ ከመጥረጋችን በፊት እያንዳንዱን ክፍል በስልክሽ ፎቶ አንሺ አሉኝ፣ ለወረዳም ለፖሊስም ይጠይቁሻል ብለው፣ እውነትም ተጠየቅኩ። ከዛ ማንም ባዶ እጁን እንዳይነካ ከልክለው ወፍራም ጓንት አድርገው ፍሬሙ ላይ የቀረውን ስባሪ ከላይ ጀምረው ወደ ታች እያወጡ ማዳበሪያ ውስጥ ጨመሩት፣ ከታች ከጀመርሽ የላዩ እጅሽ ላይ ይወርዳል አሉኝ። ረዳታቸው ብርድ ልብስ ከስር ዘርግቶ ይቀበላቸዋል። ህፃናት ካሉበት ቤት አንዲት ስንጥር አትቀርም ብለው ሲጨርሱ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አስጠረጉን።

መብራት ሀይሎች መስመሩን ስለቆረጡት ጨለማ ነበር፣ የሰፈር ልጆች ስልካቸውን እያበሩ ተራ በተራ ቆሙላቸው። አንዱ ጎረቤት ከሌላ ብሎክ ኤክስቴንሽን ልዘርጋና በማሽን ይቁረጡት ሲላቸው «ዛሬ ብልጭታ ሚባል ነገር እዚህ ቤት አይገባም» ብለው ሁሉንም በእጅ መጋዝ ግቢ ወርደው ቆረጡ። እያንዳንዱን ቆርጠው ሦስት ፎቅ ይወጣሉ፣ ለክተው ይወርዳሉ። ስልሳ አመት ያለፋቸው ሰው ናቸው እኮ! አንድ ጊዜ ደረጃው መሀል ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሲያርፉ አየኋቸውና ይቅርብን ጋሼ ልላቸው ስል ቀድመውኝ «ስንት ቀረን?» አሉኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ከውጪ ቆሞ መምታት አይቻልም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላስቲክ ወጥረው የታችኛውን ጫፍ በደፉ ላይ ወደ ውጪ አወጡት፣ ውሀው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ውጪ እንዲወርድ። ከዛ ኮምፔንሳቶውን ከመስኮቱ ክፍተት በየጎኑ አንድ ስንዝር አስበልጠው ቆርጠው ከውስጥ በኩል ግድግዳው ላይ አሳረፉት፣ ፍሬሙ ስለተነቃነቀ ሚስማር አይዝም ብለው፣ ከጀርባው ደግሞ ሞራሌ አጋድመው አጠበቁት። የበረንዳው በር ጋ ሲደርሱ ከታች አንድ ስንዝር ክፍት ተውና ወንፊት መቱበት። ለምን ስላቸው ያው ጋዙ ወለል ላይ ነው ሚተኛው፣ የቀረ ካለ በዛ ይውጣ አሉኝ። እሳት አደጋዎቹ አጣርተው ነው የሄዱት፣ ግን እሳቸው ለልጆቼ ይሄንንም አስበውልኛል።

የመግቢያውን በር ሁላችንም ለዛሬ በሚስማር ይመታ ስንል ተቆጡ፣ እውነት ተቆጡ። «ሰው የተኛበት ቤት በር በሚስማር አይመታም፣ አንድ ነገር ቢነሳ በየት ትወጣላችሁ?» ብለው ከተረፈው ሞራሌ ፍሬም ሰርተው፣ ኮምፔንሳቶ አልብሰው፣ በማጠፊያ ሰቅለው፣ ከውስጥ መወርወሪያ ከውጪ ጓጉንቸር አደረጉለት። ሦስት ሳምንት በዛ በር ገባን ወጣን።

እና የእማዬ መስኮት። ይሄን ሳልጽፍ ምንም እንዳልጻፍኩ ነው ምቆጥረው። የእማዬ መኝታ ቤት መስኮት ወደ ልደታ ማርያም ነው ሚያየው፣ ጉልበቷ ደረጃ እምቢ ካላት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዛ ላይ ቆማ ነው ምትሳለመው። ጋሼ ሰሌዳውን ሊመቱ ሲያነሱት እማዬ ምንም አላለችም፣ ነጠላዋን ብቻ ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። እሳቸው ዞር ብለው አዩዋት፣ መስኮቱን አዩ፣ ሰሌዳውን መልሰው አስቀመጡት። «እናቴ ሲቆሙ አይንዎት የት ጋ ይደርሳል? እስኪ ይቁሙልኝ» አሏት። ቆመች። በቀይ እርሳሳቸው ምልክት አደረጉ፣ ከሰባት ሰአት ሌሊት በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ላባቸው እየፈሰሰ፣ የመጽሀፍ ገጽ የምታክል አራት ማእዘን በመጋዝ ፈልፍለው አወጡላትና ነጭ ላስቲክ ወጠሩባት። ጠዋት ስነሳ እማዬ እዛች ቀዳዳ ፊት ቆማ ነበር። ጋሼ እኔ ለዚህ ምን ልከፍል እችላለሁ፣ ንገሩኝ እስኪ።

ስምንት ሰአት ላይ ጨርሰው ሂሳብ ስላቸው «በልደታ ቀን?» ብቻ ብለው ወረዱ። በሦስተኛው ቀን መጥተው ሁሉንም በእጃቸው እየገፉ አጣሩት። ያ ኮምፔንሳቶ ለሰው ኪችን ካቢኔት የተገዛ እንደነበር የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ከረዳታቸው ነው፣ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስድስት ሙሉ ሉህ! ደንበኛው ሲነገራቸው እኔ እጠብቃለሁ ብለው ቀጠሮውን በወር አራዘሙላቸው። እኚህን ሰው በመልክም አላውቃቸውም፣ ይሄ ጽሁፍ ከደረሳቸው እግዚአብሔር ቤትዎን ይሙላልዎ። ረዳትየው ልጅም፣ አንተ ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ደረጃ የወጣህበት እግርህ አይድከም። እጁ በመስታወት ተቆርጦ ለጋሼ ሳይነግር በሶፍት አስሮ ሲሰራ ያየሁት እኔ ነኝ፣ አንዲት ቃል አልወጣውም።

የሰፈሩ ወጣቶች፣ በሩ ቢሰቀልም አናምነውም ብላችሁ ሦስት ሌሊት ደረጃው ላይ ጋቢ ለብሳችሁ ያደራችሁ፣ ከቤታችን አንዲት ማንኪያ አልጠፋችም፣ እደጉ፣ ለወግ ለማእረግ ብቁ። እድራችን ገና ዝናቡ ሲጀምር የድንኳኑን ሸራ አውጥታችሁ ሳሎኑ ላይ ለወጠራችሁ፣ በኋላም ብርድ ልብስና ምግብ ላመላለሳችሁ፣ ለሀዘን ብቻ አይደላችሁም። በያጁ ልጅ፣ የላሜራውን በር አቃንተህ ስትመልስ የእቃውን ብቻ የተቀበልከኝ፣ ከዛም ተክለ ሃይማኖት ድረስ አብረኸኝ ሄደህ መስታወት ያስመረጥከኝ፣ ብቻዬን ብሄድ ተታልዬ ነበር ምመለሰው። የመስሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ ውጪ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ የልጆቹ አስተማሪዎች፣ የማህበር እህቶቼ፣ ሁላችሁንም።

ከታችና ከጎን ያላችሁ ጎረቤቶቻችን፣ የናንተም መስታወት ረግፏል። በኛ ቤት ምክንያት ነው የረገፈው። አንዳችሁም ፊት አልነሳችሁንም፣ አንዳችሁም ካሳ አላላችሁንም፣ ይልቅ የራሳችሁን በካርቶን ሸፍናችሁ የኛን ልጆች አሳደራችሁ። አንደኛ ፎቅ ያላችሁት እህቴ፣ የአራት ወር ህፃን ይዘሽ መስኮትሽ ክፍት እያለ «መጀመሪያ የእናትሽን ይሸፍኑ» ብለሽ ጋሼን ወደ ላይ የላክሻቸው አንቺ እንደሆንሽ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ይሄን ስሰማ እግሬ ነው የተንቀጠቀጠው። ይቅርታሽን እፈልጋለሁ፣ ከምስጋናው በፊት ይቅርታሽን። ያንቺን መስታወት ከኛ ጋር እንዲገባ ያደረግነው ስጦታ አይደለም፣ እዳችን ነው።

ስማችሁን ወይ ስራችሁን ሳልጠቅስ ያለፍኳችሁ አላችሁ፣ አውቀዋለሁ፣ ማታ ስተኛ አንድ አንድ ፊት ትዝ ይለኛል፣ ውሀ ያጠጣችኝ ልጅ፣ ጫማ አምጥቶ እግሬ ላይ ያደረገልኝ ሰውዬ፣ በባዶ እግሬ እንደነበርኩ እንኳን አላወቅኩም ነበር። የረሳሁት ጭንቅላቴ ነው እንጂ ልቤ አይደለም፣ ይቅር በሉኝ። ደግሞ እኛ ጋ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ግራጫ ጋቢና አንድ የእጅ ባትሪ ቀርቷል፣ የናንተ ከሆነ በፈለጋችሁት ሰአት ኑ።

ጋሼ፣ ሰሌዳዎቹን መልሱልኝ አላሉኝም፣ ግን አጽድተን ሚስማራቸውን ነቅለን ኮሪደሩ ላይ ደርድረናቸዋል፣ ለስራ ከሆኑዎት ልጆቹ ያመጡልዎታል። ቀዳዳ ያለባትን ብቻ እማዬ አልሰጥም ብላለች፣ አልጋዋ ራስጌ አቁማታለች። ቀይ እርሳስዎትም እኛ ጋ ነው ያለው፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ረስተውት ሄደው ነበር። ቅዳሜ ከሰአት ቡና ይፈላል፣ ረዳትዎትን ይዘው ይምጡ፣ እማዬ ከአሁኑ ቆሎ እያስለቀመችን ነው።