ለቅሶ ያልደረስኩህ ወንድምህ

ጅማ፣ ኅዳር 2018

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ድምፅህን ከሰማሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፤ ቆጥሬዋለሁ። ዝም ያልኩት ረስቼህ አይደለም፣ አፍሬ ነው። አባትህ ያረፉ ሰሞን ሕንድ ውቅያኖስ መሐል ነበርኩ። መርዶውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው፤ ወደብ ደርሰን ስልኬ ኔትወርክ ሲያገኝ። እዚያው ልደውልልህ ሲገባኝ “አሁን ምን እለዋለሁ?” አልኩ። ነገ ነገ ስል ወር ሞላ፣ ወር ሲሞላ ደግሞ አፌ ጨርሶ ተያዘ። ይቅር በለኝ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ አንተንም ያጽናህ።

ባለፈው እሑድ ቦሳ፣ እናንተ ቤት ሄድኩ። እማማን አቅፌ አለቀስኩ። አልተቆጡኝም። “አንተ ልጅ፣ ባሕር ላይ ሆነህ ምን ልታደርግ ኖሯል?” ብለው አባባ ይቀመጡባት የነበረችውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሳቡልኝ። ቡና አፈሉ። ጓዳ ጥግ ቡታጋዝ ምድጃ ገብቷል፤ አንተ እንደላክህላቸው ነገሩኝ። ወጡን በእሱ ነው የሚሠሩት፣ ቡናውን ግን አሁንም በከሰል። “በጋዝ የፈላ ቡና አይጥመኝም” አሉ። ሁለተኛውን ሲቀዱልኝ እጄን ያዝ አደረጉና ጥፍሬን አገላብጠው አዩ። “ነጥቷል። ያ ጥቁር ነገር ተወህ?” አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ይኼ ጥያቄያቸው ነው።

መጀመሪያ ለእረፍት የመጣሁ ጊዜ እጄን አይተህ የሳቅከው ትዝ ይልሃል? ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ለአምስት ዓመት ቴርሞዳይናሚክስ ያጠና ሰው የጋራዥ ልጅ መስሎ ተመለሰ ብለህ ነበር። ያኔ የነበርኩባት መርከብ የምታነደው ጥቁር ናፍጣ ነው፤ ከድፍድፍ ነዳጅ ቤንዚኑም ነጭ ናፍጣውም ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አተላ። ሲቀዘቅዝ እንደ ሬንጅ ይረጋል። ማጣሪያው ውስጥ 98 ዲግሪ ድረስ እናሞቀዋለን፤ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ከ130 በላይ ካልሆነ አይረጭም። ማጣሪያውን ፈትቼ ዝቃጩን በጄሶ ቢላ ስፍቅ የዋልኩባቸው ቀናት ስንት ናቸው! ሽታው ከሰውነት አይለቅም። እናቴ ቱታዬን ሦስት ጊዜ አጥባ ውሃው አሁንም ሲጠቁር፣ አራተኛውን ትታ ጣለችው።

አሁን ያለሁባት መርከብ በተፈጥሮ ጋዝ ነው የምትሄደው። እማማ “እንደዚህች ሲሊንደር?” አሉኝ ወደ ጓዳው እያመለከቱ። አይደለም። የእሳቸው ሲሊንደር በግፊት ብቻ ፈሳሽ የሚሆን ጋዝ ነው። የእኛው ሜቴን ነው፤ ተራ ግፊት አይበግረውም፣ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ካልቀዘቀዘ ፈሳሽ አይሆንም። ፈሳሽ ሲሆን ግን 600 ሊትር የነበረው ወደ አንድ ሊትር ግድም ይገባል። ለዚህ ነው ውቅያኖስ የሚያሻግር ነዳጅ በመርከብ ሆድ ሊያዝ የቻለው። ገንዳው እንደ ግዙፍ ፔርሙዝ ነው። ፔርሙዝ ውስጥ ያለ ሻይ ቀስ እያለ እንደሚቀዘቅዝ፣ የእኛ ገንዳ ደግሞ ቀስ እያለ ይሞቃል፤ ከላይ የሚተነውን ጋዝ አንለቀውም፣ ወደ ሞተር ልከን እናነደዋለን።

ነዳጅ የምንሞላበትን ሌሊት ብታይ! ቀጂዋ መርከብ ከጎናችን ትታሰራለች። ቱቦው ጋዙ እንደገባበት ነጭ አመዳይ ይለብሳል፣ ሙቀቱ ሠላሳ ዲግሪ በሆነ አገር። ከሥሩ፣ በመርከባችን ጎን ላይ፣ ውሃ ሳያቋርጥ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ያ ፈሳሽ ተራ ብረት ላይ ጠብ ካለ ብረቱ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃልና። ደግሞ አይሸትም። የቤት ሲሊንደር ሲያፈስ የምናውቀው ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው፤ መርከብ ላይ ግን ያለ አነፍናፊ መሣሪያ ምንም አታውቅም። የጋዙ ቧንቧ ሞተር ክፍል ሲገባ በሌላ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ በሁለቱ መካከል ያለው አየር በሰዓት 30 ጊዜ ይለወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ፈርቼ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

ዓለም ወደዚህ ነዳጅ እየሮጠ ነው። ኖርዌዮች ግሉትራ የምትባል የመኪና ማሻገሪያ ጀልባ በእ.ኤ.አ. 2000 በዚህ ነዳጅ ሲያስጀምሩ ብዙ ሰው ልብ አላለም። ከሃያ ዓመት በኋላ 23,000 ኮንቴይነር የምትጭነው፣ 400 ሜትር የምትረዝመው የፈረንሳዮቹ ዣክ ሳዴ በጋዝ ወጣች። በ2024 መጨረሻ ጋዝ ጫኞቹን ሳይጨምር በዚህ ነዳጅ የሚሄዱት መርከቦች ከ600 በልጠዋል። ትልቁ ግፊት ከሕግ ነው የመጣው፤ ከጥር 2020 ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ወረደ፣ ሜዲትራኒያን ደግሞ ከግንቦት 2025 ወዲህ ከ0.1 በላይ አይፈቅድም። ጋዝ ደግሞ ድኝ የለውም ማለት ይቻላል። ጥቀርሻውም እጅግ ጥቂት ነው። ጭስ ማውጫችንን ቀና ብለህ ብታይ የሚንቀጠቀጥ አየር ብቻ ነው የምታየው።

እዚህ ላይ ነው አባባ ትዝ የሚሉኝ። ከጅማ ጅቡቲ ሲመላለሱ 320 ጆንያ ቡና ጭነው፣ ወደቡ አጠገብ ተራ ሲጠብቁ የሚያድሩትን ሁልጊዜ ያወሩልን ነበር። ጠዋት ሲነሱ የመኪናቸው መስታወት በጥቁር ላብ ተሸፍኖ ያገኙታል። ውሃ አያስለቅቀውም፤ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ነበር የሚይዙለት። “መርከቧ ቆማም ታጨሳለች” ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው። መርከብ ታስራም መብራትና ፓምፕ ስለሚያስፈልጋት ጄኔሬተሯ አይጠፋም። እኛ ልጆች ሆነን የሰማነው ሳል ከዚያ ይሁን ከሲጋራቸው እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ያ ጨርቅ ከዓይኔ አይጠፋም። ጋዝ በምታነድ መርከብ አጠገብ ቢያድሩ ኖሮ መስታወታቸው እንደ ነበረ ያድር ነበር። ለዚህ ብቻ እንኳ ሥራዬን እወደዋለሁ።

ግን የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ፤ ከአንተ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

የሞተሩ ሲሊንደር ውስጥ የገባው ጋዝ ሁሉ አይቃጠልም። ጥቂቱ እንደገባ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ሳንባም አይከረክርም። ሜቴን ግን በመቶ ዓመት ሒሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ፣ በሃያ ዓመት ሒሳብ ደግሞ ከ80 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። ሌሊት በጥበቃ ሰዓቴ ይህን ሒሳብ ሠርቼዋለሁ፣ አንተ ፈትሸው፤ ስህተቴን የምታገኘው ሁልጊዜ አንተ ነህ። 100 ኪሎ ጋዝ የሚሰጠውን ጉልበት ለማግኘት 120 ኪሎ ያህል ጥቁር ናፍጣ ይፈልጋል። ናፍጣው 375 ኪሎ ግድም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ጋዙ 270 ግድም። ትርፉ ግልጽ ነው። አሁን የአውሮፓ ሕግ እንደኛ ጄኔሬተር ላሉ ባለ አራት ምት ሞተሮች የሚይዘውን፣ ሳይቃጠል የሚያመልጠውን 3.1 በመቶ ጋዝ ጨምርበት። በመቶ ዓመት ሒሳብ 350 አካባቢ ይደርሳል፤ ትርፋችን ሊያልቅ ትንሽ ቀረው። በሃያ ዓመት ሒሳብ 520 ይሆናል። ከጥቁር ናፍጣው ይብሳል ማለት ነው! ጋዙ ከጉድጓድ እስከ ገንዳ ሲመጣ የሚያፈሰውን ገና አልቆጠርኩም።

ዋናው ሞተራችን ጋዙን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ዓይነት ስለሆነ የሚያመልጠው 0.2 በመቶ ብቻ ነው፤ በእሱ በኩል በሃያ ዓመቱም ሒሳብ እናተርፋለን። ችግሩ ጄኔሬተሮቹ ናቸው። ጭነት ሲቀልላቸው ደግሞ ማምለጡ ይብሳል። ጭነት የሚቀልላቸው መቼ ነው? ወደብ ስንታሰር። ያኔ አባባ መኪናቸውን ያቆሙበት በነበረው ቦታ።

ስለዚህ ቺፋችንን፣ የመርከቧን ዋና መሐንዲስ፣ ለመንኩት፤ ታስረን ስንቆም ሁለት ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት ከምናስኬድ አንዱን በደንብ ጭነን ሌላውን ለመጠባበቂያ እናቁም አልኩት። ስንገባና ስንወጣ ሁለቱም እንዲሠሩ ይፈልጋል፣ ልክ ነው፤ መብራት ቢጠፋ መርከቧ ከግንብ ጋር ትላተማለች። ታስራ ስትቆም ግን ተስማማ። እስከ ሚያዝያ ድረስ እንዲያ ሠራን። ትንሽ ነገር ነው፤ ቢሆንም እጄ ያለበት ነገር ነው። ከዚህ በላይ የሚፈልገው ከየብስ መብራት መሳብና የሞተር ሠሪዎቹ ሥራ ነው። ገንዳውና ቧንቧው ነገ ከእበትና ከቆሻሻ የሚመረት ሜቴንም ይቀበላሉ፤ እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ እሱ ነው። “ጋዝ ነው፣ ንጹሕ ነው” ብሎ መተኛት ግን አልችልም። ማምለጡ ይለካ፣ ከየመርከቡ ይጻፍ፣ ያፈሰሰ ይክፈልበት እላለሁ።

ለተማሪዎችህ ይህን ብታስተምርልኝ ደስ ይለኛል። የእኛም የካሉብ ጋዝ ከመስከረም ወዲህ ፈሳሽ ሆኖ መውጣት ጀምሯል፤ ነገ ከባድ መኪና ላይ ይጫናል፣ ሾፌሮቻችን ይነዱታል። ከቫልቭና ከቧንቧ ስለሚያፈሰው አሁን የሚያስብ ልጅ ያስፈልገናል።

እዚህ ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ወጥቷል። አጋሮ መንገድ ላይ ያለው አጎቴ ሰሞኑን ያለ ወቅቱ ዝናብ መጥቶ ሸራ ሲያለብስ ሲገልጥ ነው የሚውለው። እማማ ከዘንድሮው አሥር ኪሎ አስቀምጠውልሃል፤ “በፖስታ አልልክም፣ ራሱ መጥቶ ይውሰድ” ብለዋል። የአባባን በርጩማም ለማንም አልሰጥም አሉ፣ አንተ እስክትመጣ።

እኔ ጥምቀትን ውዬ በማግስቱ ነው የምሄደው። ለገና ከሐዋሳ ብትመጣ አብረን መቃብራቸው ጋ እንሄዳለን። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ